የሠላሳ ሰከንድ ምሕረት

አንድ ሰው ከራሱ ሒሳብ ወደ ወንድሙ ሒሳብ 5,000 ብር ሲልክ፣ በባንኩ ሰርቨር ላይ ያለው ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ከላኪው ይቀንሳል፣ ለተቀባዩ ይጨምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ ያነሰ ነው። ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት ቢቆም ግን ገንዘቡ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይገባ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ሰርቨር ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ብቻ አያስተናግድም። በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ሥራዎችን ጎን ለጎን ያካሂዳል፤ አንዱ ገና መጀመሩ ነው፣ አንዱ አጋምሷል፣ አንዱ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። ማሽኑ ለጥገና ሲዘጋ ወይም አዲስ ቅጂ አሮጌውን ሲተካ፣ "አቁም" የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም የሚያገኛቸው እያንዳንዳቸው ባሉበት ቦታ ነው።

ለሶፍትዌር መሐንዲሶች ይህ የየዕለት ሥራ ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከኮምፒውተር በብዙ ሺህ ዓመታት ይቀድማል። ሥልጣን ያለው የሌላውን ሥራ ሲያስቆም ምን ዕዳ አለበት? እንዲያቆም የተነገረውስ ምን ዕዳ አለበት? ሃይማኖቶች ሞትን፣ ብድርንና አገልግሎትን እያነሡ ይህን ሲመረምሩ ኖረዋል። የሶፍትዌር ዓለም ደግሞ ማስቆም በየሰከንዱ የሚፈጸምበት፣ ስሕተቱ የሚመዘገብበት፣ መልሱም በሥራ ላይ የሚፈተንበት መስክ ሆኗል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተጠራቀመው ልምድ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው፤ አንደኛው ግዴታውን መወጣቱም ሌላውን ከራሱ ግዴታ ነፃ አያወጣውም።

በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የተገነባው ዩኒክስ፣ እንዲሁም የእሱን አሠራር የተከተለውና ዛሬ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ፣ ፕሮግራምን ለማስቆም በዋናነት ሁለት ምልክቶች ይጠቀማሉ። ቁጥር 15 ሲግተርም ይባላል፤ ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ይሰማዋል፣ በእጁ ያለውን ይጨርሳል፣ የከፈተውን ይዘጋል፣ ከዚያም በራሱ ይወጣል። ችላ ሊለውም ይችላል። ቁጥር 9 ሲግኪል ነው። ይህን ፕሮግራሙ ሊይዘውም፣ ሊያግደውም፣ ችላ ሊለውም አይችልም፤ መሞቱን የሚያውቅበት ቅጽበት እንኳ አይሰጠውም። የማስቆሚያው ትእዛዝ ቁጥር ሳይጠቀስ ሲሰጥ የሚላከው 15 ነው። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ኃይሉን አላስቀሩትም፤ በቅድሚያ የሚመጣው ግን ጥያቄው እንዲሆን አደረጉ።

ጥያቄው ለምን መቅደም እንዳለበት በግልጽ ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የጃቫ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃቫን ሲያወጣ፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች፣ ባለሙያዎቹ ትሬድ ከሚሏቸው፣ አንዱ ሌላውን ከውጭ ሆኖ ወዲያው የሚያስቆምበት ስቶፕ የሚባል ትእዛዝ ነበረው። ሐሳቡ ቀላልም ማራኪም ነው፤ የማይፈለግን ሥራ በአንድ ቃል ማቆም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ በወጣው ቅጂ፣ ኩባንያው ራሱ ይህን ትእዛዝ አትጠቀሙበት ብሎ አስጠነቀቀ።

ምክንያቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሁለት ትሬዶች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት፣ መዝገቡን የሚነካው አስቀድሞ ቁልፍ ይይዛል። የ5,000 ብሩን ዝውውር የሚሠራው ትሬድ ቁልፉን ይዞ ከላኪው ቀነሰ እንበል። ለተቀባዩ ሳይጨምር ስቶፕ ደረሰው። ቁልፍ ከሟች ጋር እንዳይቀር ጃቫ የያዛቸውን ሁሉ ያስለቅቀዋል። ወዲያው ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ትሬድ ይገባል፤ ቁልፉ ነፃ ስለሆነ መዝገቡም ደኅና ነው ብሎ ይሠራል። ያገኘው ግን በግማሽ የቀረ መዝገብ ነው። እሱ በዚያ ላይ ይገነባል፣ ሌላው ደግሞ በእሱ ሥራ ላይ። ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ስቶፕ ከተጠራበት በራቀ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ውጤቱን ከመነሻው ጋር የሚያያይዝ ፍንጭ አይገኝም።

ታዲያ ቁልፉን ባያስለቅቀውስ? ያም ነበር። ጃቫ ትሬድን ሳይገድል ባለበት የሚያግድ ሌላ ትእዛዝ ነበረው፤ የታገደው ትሬድ ቁልፉን እንደያዘ ይቀራል። ሊያነቃው የሚመጣው ትሬድ በቅድሚያ ያንኑ ቁልፍ የሚፈልግ ከሆነ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ለዘለዓለም ይቆማሉ። ያም ትእዛዝ ከስቶፕ ጋር አብሮ ተወገዘ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ከወጣው ጃቫ 20 ጀምሮ ስቶፕን የሚጠራ ፕሮግራም የሚያገኘው የስሕተት መልስ ብቻ ነው።

አስቆሚው ኃይል አልጎደለውም። የጎደለው እውቀት ነው። ሥራው የት እንደደረሰ፣ አሁን ቢቀመጥ ይሰበር እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያውቀው ሥራውን በእጁ የያዘው ብቻ ነው። ከውጭ ያለው ምንም ያህል ሥልጣን ቢኖረው ትክክለኛዋን ቅጽበት ሊመርጥ አይችልም፤ የሚያደርገው ሁሉ በጨለማ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ማስቆም ጥያቄ መሆን ያለበት ለጨዋነት ሲባል ብቻ አይደለም። እውቀቱ ያለው ሌላው ጋ ስለሆነ፣ ውሳኔውም ቢያንስ በከፊል ወደ ሌላው መሄድ አለበት።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ቋንቋዎች ይህን መንገድ ይዘዋል። በጎግል የተፈጠረው ጎ ቋንቋ አንዱን የሥራ መስመር ሌላው ከውጭ የሚገድልበት መንገድ ከነጭራሹ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ቋንቋው መደበኛ ቤተ መጻሕፍት የገባው ኮንቴክስት የተባለው መሣሪያ "ይህ ሥራ አያስፈልግም" የሚለውን ዜና ብቻ ያደርሳል። ዜናውን ሰምቶ የሚያቆመው ሠራተኛው ራሱ ነው። ጃቫም በስቶፕ ፈንታ በትሬዱ ላይ ምልክት የሚያስቀምጥ ትእዛዝ እንዲሠራበት መከረ።

ጥያቄ ሲሆን ግን ሸክሙ ወደ ተጠያቂውም ይዞራል። ምልክቱን የማያይ ሠራተኛ ጥያቄውን አልሰማም። አንድ ትሬድ አሥር ሚሊዮን መስመር የሚያሰላ ከሆነና በመካከል አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ምልክቱን ካላየ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠራው ሰው ከንቱ ይጮኻል። በጃቫ ፕሮግራመሮች ዘንድ ከዚህ የባሰ የተለመደ ጥፋት አለ። ትሬዱ ተኝቶ ሲጠብቅ "አቁም" የሚለው ዜና ይደርሰዋል፤ ፕሮግራመሩም ኮዱ እንዳይወድቅበት ዜናውን ይይዘውና ምንም ሳያደርግበት ያልፋል። ዜናው በዚያች መስመር ላይ ይጠፋል፤ ምልክቱም ተነሥቷል። ትሬዱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ምንም እንዳልተባለ ሥራውን ይቀጥላል። ከውጭ ሲታይ እምቢተኛ ይመስላል፤ ከውስጥ ሲታይ መልእክቱን የተቀበለው ሰው ለማንም አላስተላለፈውም።

ከጥያቄው ጋር የሚሰጠው ጊዜስ ምን መምሰል አለበት? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለውን የበለስ ምሳሌ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ያጣባት በለስ እንድትቆረጥ ያዛል። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ይለምንላታል፤ ዙሪያዋን ሊቆፍር፣ ፍግም ሊያደርግላት፣ ካፈራች እሰየው፣ ካላፈራች ግን እንድትቆረጥ። ምሳሌው ስለ ንስሐ የተነገረ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም የሚሰበከው በዚሁ ነው። ስለ ማስቆም ሥርዓት የሚያስብ ሰው ደግሞ በውስጡ ሦስት ነገሮች አብረው መቆማቸውን ያስተውላል። ጊዜ ተሰጥቷል። ጊዜው ልክ አለው። በጊዜው ውስጥም የሚሠራ ሥራ አለ፤ አትክልተኛው አንድ ዓመት እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፣ ይቆፍራል።

ዛሬ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩ ሥርዓቶች ሦስቱንም በቁጥር አስፍረዋቸዋል። ዶከር አንድን ፕሮግራም ሲያስቆም 15ን ይልክና በመደበኛው 10 ሰከንድ ጠብቆ 9ን ያስከትላል። ኩበርኔትስ 30 ሰከንድ ይሰጣል። በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያስተኛው ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ይታገሣል። በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያዎች የተፈጠረው ኤርላንግ ለተራ ሠራተኛ 5 ሰከንድ ይመድባል፤ በሥሩ ሌሎች ላሉት ተቆጣጣሪ ግን ገደብ አያስቀምጥም፤ እሱ ከመቆሙ በፊት የበታቾቹን በየተራ ማስቆም አለበትና። በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራም ብዙ ይሠራል። አዲስ ጥያቄ መቀበሉን ያቆማል፣ የጀመረውን ይጨርሳል፣ ሊጨርሰው የማይችለውን ሌላ እንዲወስደው ወደ ወረፋው ይመልሳል፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለውን ግንኙነት ይዘጋል።

የሰው ሕግም ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥበትንና ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥበትን ለይቶ ደንግጓል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ነው፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፤ ከዚያ በላይ ሦስት ወር። አገልግሎቱ በረዘመ መጠን የሚሰጠው ጊዜም ይረዝማል። ብዙ የያዘ ሰው የያዘውን ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ እንደሚፈልግ ሕጉ ተረድቷል።

ገደብ የሌለው ትዕግሥትስ? ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ሦስት ዓይነት መዘጊያ አለው። የመጀመሪያው የተገናኙት ደንበኞች ሁሉ በራሳቸው ጊዜ እስኪወጡ ይጠብቃል። ሁለተኛው ያልተጠናቀቀውን ሥራ ወደ ኋላ መልሶ፣ ግንኙነቶቹን ቆርጦ፣ ቤቱን አስተካክሎ ይዘጋል። ሦስተኛው ምንም ሳያስተካክል ይወጣል፤ ማስተካከሉን ለሚቀጥለው መነሣት ይተዋል። ለብዙ ዓመታት የዳታቤዙ ማስቆሚያ መሣሪያ ሌላ ካልተነገረው የመጀመሪያውን ይመርጥ ነበር። ችግሩ አንድ ሰው ግንኙነቱን ከፍቶ ቢሄድ፣ ምንም የማይሠራ ቢሆን እንኳ፣ ዳታቤዙ እሱን ሲጠብቅ አለመዘጋቱ ነው። 9.5 በተባለው ቅጂ መደበኛው ምርጫ ወደ ሁለተኛው ተለወጠ። ያለ ልክ መታገሥ ለአንዱ ደግ መስሎ፣ ጥገናው እንዲያልቅ የሚጠብቁትን ሌሎች ሁሉ ያስከፍላል።

ዋጋው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ታየ። ናይት ካፒታል የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሊጭን ነበር፤ በሰባቱ ተጭኖ በአንዱ ተረሳ። ገበያው ሲከፈት በዚያ ሰርቨር ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ ተቀሰቀሰና የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ያለማቋረጥ ማፍሰስ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ፤ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባወጣው ውሳኔ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሰፍሯል። ሠራተኞቹ ችግሩን ለመፍታት ሲሯሯጡ አዲሱን ኮድ በትክክል ከሠሩት ሰባት ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ እነሱም እንደ ስምንተኛው መሥራት ጀመሩ። ሥርዓቱ ሕያው ሆኖ እየሮጠ ሊጠግኑት ሞከሩ። በዚያ ጠዋት የሚያስፈልገው መቁረጥ ነበር፤ እያንዳንዷ የዘገየች ደቂቃ በሚሊዮኖች ተቆጠረች።

እንግዲህ ጥያቄ ይቀድማል፣ ገደብ ይከተላል፣ ገደቡ ሲያልፍ ኃይል ይመጣል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። በተግባር ግን የሚያስቸግረው ዝምታ ነው።

የዶከር ተጠቃሚዎች ደጋግመው የሚገጥማቸውን አንድ ጉዳይ እንይ። ፕሮግራሙ 15ን ሰምቶ በወጉ እንዲዘጋ ተደርጎ ተጽፏል። ሲያስቆሙት ግን ሁልጊዜ ሙሉውን 10 ሰከንድ ይፈጅና በ9 ይገደላል። ፕሮግራሙ እምቢተኛ ይመስላል። ሲመረመር፣ ፕሮግራሙ የተነሣው በሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ ሌሎች ፕሮግራሞችን በሚያስነሣ ፕሮግራም፣ አማካይነት ሆኖ ይገኛል። ዶከር ፕሮግራሙን ለይቶ በሚያስኬድበት ኮንቴነር ውስጥ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር 1 የሆነው ሼሉ ነው፤ ምልክቱ የሚደርሰውም ለቁጥር 1 ነው። ሼሉ ምልክቱን ላስነሣው ፕሮግራም፣ ለልጁ፣ አያስተላልፍም። ሊኑክስም ለቁጥር 1 ልዩ ከለላ ስለሚሰጥ፣ ራሱ መቀበያ ያላዘጋጀለት እንደ 15 ያለ ምልክት አይነካውም። ስለዚህ ሼሉ ዝም ይላል፣ ልጁ ምንም ሳይሰማ ይሠራል፣ 10 ሰከንዱ ያልቃል፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ምሕረቱ ተሰጥቶ ነበር፤ የታሰበለት ግን ፈጽሞ አልደረሰውም። አስቆሚው ጊዜ ሰጠሁ ብሎ ራሱን ነፃ ከማድረጉ በፊት፣ መልእክቱ መድረሱን ማረጋገጥ የእሱ ግዴታ ነው።

ዝምታን ማንበብ ከዚህም በላይ ከባድ እንደሆነ በሒሳብ ተረጋግጧል። ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሥራ፣ መልእክት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ገደብ በሌለው ሥርዓት ውስጥ፣ አንድ ፕሮሰስ ብቻ እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ፕሮሰሶቹን ሁልጊዜ ወደ ስምምነት የሚያደርስ፣ በዕጣ የማይሠራ ስልት ሊኖር እንደማይችል አሳዩ። የችግሩ እምብርት የሞተውና የዘገየው ከሩቅ ሲታዩ አንድ መሆናቸው ነው። የጊዜ ገደብ ይህን አያውቅም፤ እንደሚያውቅ ሆኖ ይወስናል። አንዳንዴ የሚገድለው ሊጨርስ አንድ ሰከንድ የቀረውን ነው።

ሰዎችም ከዚህ አያመልጡም። በዳታቤዝ ሥራው እ.ኤ.አ. የ1998ን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው ጂም ግሬይ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2007 ከሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን በጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። የባሕር ጠባቂዎች ፈለጉት፤ ጓደኞቹ የሳተላይት ምስሎችን አሰባስበው ብዙ ሰዎች እንዲመረምሯቸው አደረጉ፤ ጀልባዋም እሱም አልተገኙም። በካሊፎርኒያ ሕግ ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥ የጠፋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ መሠረት ወሰነ። ሕጉ ስለ ሰውየው አዲስ ነገር አላወቀም። የቀሩት ሕይወታቸውን እንዲቀጥሉ ሲል ለዝምታው ቀን ቆረጠለት።

ገደብ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ፣ 9 ያለ ጥፋቱ የደረሰበት ሥራ እንዳይበላሽ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ የተጠያቂው ወገን ግዴታ ሙሉ መልኩን ይይዛል። ግሬይና የሥራ ባልደረቦቹ ያጎለበቱት የግብይት ሥርዓት መሠረቱ፣ መዝገብን ከመንካት በፊት ሊደረግ የታሰበውን በተለየ ማስታወሻ ላይ መጻፍና ማስታወሻው ዲስክ ላይ መቀመጡን ማረጋገጥ ነው። ከላኪው 5,000 ይቀነስ፣ ለተቀባዩ 5,000 ይጨመር፣ ሥራው ተጠናቋል። ኃይል ቢቋረጥ፣ 9 ቢመጣ፣ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ በቅድሚያ የሚያነበው ይህን ማስታወሻ ነው። "ተጠናቋል" የተባለውን ይፈጽመዋል፤ ያልተባለውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ድንገት የሞተ ፕሮግራም የሰውን ገንዘብ ይዞ አይሄድም።

ትዕግሥትና ጽሑፍ አብረው የታዘዙበት ቦታም አለ፤ በቁርኣን ሱረቱል በቀራ ውስጥ ሦስት አንቀጾች ተከታትለው ይገኛሉ። 280ኛው፣ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። 281ኛው ሁሉም ወደ አላህ የሚመለስበትንና እያንዳንዷ ነፍስ የሥራዋን የምታገኝበትን ቀን እንዲፈሩ ያስጠነቅቃል። 282ኛው በመጽሐፉ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የጊዜ ቀጠሮ ያለው ብድር ትንሽም ይሁን ትልቅ በጸሐፊ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዛል። ለአበዳሪው ትዕግሥት ታዘዘ፣ ለብድሩ ጽሑፍ ታዘዘ፣ በመካከላቸው ማንም ቀኑን የማይመርጠው ፍጻሜ ቆመ። አበዳሪው ውሉ ተጽፏልና ለተቸገረው ጊዜ አልሰጥም ሊል አይችልም። ተበዳሪውም አበዳሪዬ ታጋሽ ነውና መጻፍ አያስፈልግም ሊል አይችልም።

በሶፍትዌር ዓለም ግን አንዱን ግዴታ በሌላው ለመሻር የሚያስብ ጠንካራ ሙግት ተነሥቷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ካንዴያና አርማንዶ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ፕሮግራም መቆሚያው አንድ ብቻ፣ እሱም ድንገተኛ ሞት፣ መነሻውም አንድ ብቻ፣ እሱም ከሞት ማገገም እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ማንኛውም ፕሮግራም መቼም ቢሆን በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል፣ የማገገሚያው መንገድ መኖሩ የግድ ነው። የግድ ካለ ሁለተኛ፣ ለስላሳ መንገድ ለምን ይሠራል? አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራበት የማገገሚያ ኮድ ይበሰብሳል፤ በየቀኑ የሚሠራበት ይጠነክራል።

በዝግጅት በኩል ያሉት እውነት ነው። ከዚያ አልፎ፣ የተዘጋጀን መግደል ምንም አይደለም ወደሚል መደምደሚያ መሄድ ግን ስሕተት ነው። ማስታወሻው የሚመልሰው በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ለደንበኛው የተላከ የጽሑፍ መልእክት አይመለስም። ለሌላ ባንክ የሄደ የክፍያ ትእዛዝ በዚህኛው ባንክ ማስታወሻ አይሻርም። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየች የምትጠብቅ ደንበኛ፣ ዝውውሩ ይፈጸም አይፈጸም ሳታውቅ "ችግር ተፈጥሯል" የሚል ጽሑፍ ይደርሳታል፤ ምናልባትም ደግማ ትልካለች። የሟቹ ዝግጅት ራሱን ያድናል፤ በእሱ ተማምነው የቆሙትን ሁሉ አያድንም። 15ን ሳይልክ በቀጥታ 9ን የሚልክ መሐንዲስ፣ ሥራው እንዳይበላሽ ሌላው የደከመበትን ዝግጅት ለራሱ ስንፍና መሸፈኛ ያደርገዋል።

ደግሞ የማስቆሙ ቅደም ተከተል አለ፤ ይህ ሙሉ በሙሉ የአስቆሚው ኃላፊነት ነው። ኤርላንግ በሥሩ ያሉትን የሚያስቆመው ከተነሡበት ተቃራኒ በሆነ ተራ ነው፤ መጨረሻ የተነሣው መጀመሪያ ይቆማል። ሌሎች የሚደገፉበት ከተደጋፊዎቹ በፊት አይቆምም። በኩበርኔትስ ውስጥ ይህ ሥርዓት ክፍተት አለው። አንድ ቅጂ እንዲቆም ሲወሰን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ለቅጂው 15 መላኩ፣ እንዲሁም ጥያቄ የሚመራባቸው ቅጂዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ መሰረዙ። መሰረዙ በሥርዓቱ ሁሉ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መካከል፣ በሩን የዘጋው ፕሮግራም ላይ አዲስ ደንበኞች መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ስለዚህ ፕሮግራሙ 15 ከመቀበሉ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲቆይ ያደርጋሉ፤ ስንብቱ ለሁሉም እስኪነገር ድረስ በሩ ክፍት ይቆያል።

ልጆችን ጥሎ መሄድም ሌላው ጥፋት ነው። ማርቲን ሱስትሪክ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ናትናኤል ስሚዝ ደግሞ በ2018 በሰፊው ያብራሩት አሠራር፣ አንድ ሥራ ሌሎች ሥራዎችን ከፈተ ማለት እነሱ ሁሉ ሳያልቁ ሊያልቅ አይችልም የሚል ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ቋንቋዎች ወላጁ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ የከፈታቸው ልጆች ማንም ሳያውቃቸው ከኋላ እየሠሩ ይቀሩ ነበር፤ ስሕተታቸውን የሚሰማ የለም፣ "አቁም" የሚላቸው የለም። ይህ አሠራር ዛሬ በፓይተን፣ በኮትሊንና በስዊፍት ቋንቋዎች ቦታ አግኝቷል። የኃላፊነትን ወሰን በኮዱ ቅርጽ ላይ ያሰፍራል፤ የጀመረ ሁሉ ለጀመረው መጨረሻ ይጠየቃል።

ከሁለቱ ግዴታዎች አንደኛው ጥሩ ፈታኝ አግኝቷል። ኔትፍሊክስ የሠራው ኬኦስ መንኪ የተባለ ፕሮግራም፣ በሥራ ላይ ካሉ ሰርቨሮች መካከል በዕጣ እየመረጠ በሥራ ሰዓት፣ መሐንዲሶቹ ወንበራቸው ላይ እያሉ ያጠፋል። ድንገተኛ ሞትን የማይቋቋም አገልግሎት በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በቀን ብርሃን ይጋለጣል። የሠራተኛው ዝግጅት በዚህ ይለካል።

የአስቆሚው ትዕግሥት ግን በብዙ ቦታ ማንም ሳይለካው ይቀራል። በብዙ ድርጅት 30 የተባለው ቁጥር አብሮ የመጣ ስለሆነ ብቻ ያለ ነው፤ ማንም አልመረጠውም። ከሥራዎቹ ረጅሙ 50 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ በየዝማኔው በሩጫ ላይ ያለ ሥራ በ9 ይቆረጣል፤ ማስታወሻው ያስተካክለዋል፣ ደንበኛው ይደግመዋል፣ ጉዳዩም በመዝገብ ላይ "ተገድሏል" ከሚል አንድ መስመር አያልፍም። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የሥራዎቹን ርዝመት መለካት፣ ገደቡን ከረጅሙ ሥራ በላይ ማድረግ፣ ያን ያህል መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ረጅሙን ሥራ በየመካከሉ ማረፊያ ባላቸው አጫጭር ክፍሎች መክፈል። ከዚያ በኋላም በ9 የተገደሉት በየሳምንቱ ይቆጠሩ። ያ ቁጥር ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ለምን ቶሎ አላቆምክም ተብሎ ፕሮግራሙን የጻፈው ነው። ገደቡን ያስቀመጠው ሰውም በዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባል።